የጥናት ድርጅቶችና የጦርነት ፖሊሲ፦ ከራንድ ኮርፖሬሽን የቬትናም ጥናት የሚገኝ ትምህርት

መግቢያ

አበው «ምከረው ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላሉ። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ጥፋቱን ሁሉ ምክር በማይሰማው ሰው ላይ ይጥላል። ሆኖም በመካሪና በተመካሪ መካከል ሌላም ዓይነት ጥፋት ሊኖር ይችላል። ይኸውም ተመካሪው አስቀድሞ የቆረጠውን ነገር እንዲያጸናለት ብቻ መካሪ ሲፈልግ፣ መካሪውም ዐውቆም ሆነ ሳያውቅ የሚፈለገውን ቃል ሲያቀብለው የሚደርሰው ጥፋት ነው። ይህኛው ጥፋት ከመጀመሪያው ይልቅ ለመታወቅ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም ከውጭ ሲታይ ምክር የተጠየቀበት፣ ምክር የተሰጠበትና ምክር የተሰማበት በጎ አሠራር ይመስላል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ መንግሥታት ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሲወስኑ ከጦር አዛዦችና ከዲፕሎማቶች ሌላ ምክር የሚጠይቋቸው ድርጅቶች ተቋቁመዋል። እነዚህ በእንግሊዝኛ «ቲንክ ታንክ» በመባል የሚታወቁት የጥናት ድርጅቶች ዩኒቨርሲቲም የመንግሥት መሥሪያ ቤትም አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል ቆመው፣ በውል እየተከፈላቸው፣ ለባለሥልጣናት ጥናት የሚያቀርቡ ናቸው። በጦርነት ፖሊሲ ላይ የነበራቸው ተሰሚነት ምን ያህል ነበር? ጥናታቸውስ ፖሊሲውን መራው ወይስ ተከተለው? ይህ ጽሑፍ ለጥያቄው መልስ የሚፈልገው ከሁሉ ይበልጥ ሰፊ መዝገብ ከተወልን ከአንድ ጉዳይ፣ ማለትም የአሜሪካው ራንድ ኮርፖሬሽን በቬትናም ጦርነት ጊዜ ካካሄደው ጥናት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ ይፈለጋል።

ጉዳዩ ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ ባለሙያዎች ሩቅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የጥናቱ ዋና መሣሪያ ቃለ መጠይቅ ነበር፤ ስሕተቱም የደረሰው እኛ በየዕለቱ በምንሠራው ሥራ፣ ይኸውም የሰዎችን ቃል ሰብስቦ በማጠቃለል ላይ ነው።

የድርጅቱ አመሠራረት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ መንግሥት ሳይንቲስቶችን በብዛት ለጦር ሥራ አሰልፎ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ እነዚህ ምሁራን ወደየዩኒቨርሲቲያቸው እንዳይበተኑ ያሳሰባቸው የአየር ኀይሉ አዛዥ ጄኔራል ሄንሪ አርኖልድ፣ ዳግላስ ከተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ጋር በመዋዋል በ1946 «ፕሮጀክት ራንድ» የተባለውን ሥራ አስጀመሩ። ስያሜው ጥናትና ልማት የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ሐረግ አሕጽሮት የተገኘ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት በመሬት ዙሪያ ስለምትሽከረከር ሰው ሠራሽ መንኮራኩር የሚያትት ነበር፤ ይህም የመጀመሪያዋ ስፑትኒክ በ1957 ከመምጠቋ ዐሥራ አንድ ዓመት አስቀድሞ መሆኑን ልብ ይሏል። በ1948 ራንድ ከፋብሪካው ተለይቶ፣ በካሊፎርኒያ በሳንታ ሞኒካ ከተማ፣ በትርፍ ላይ ያልተመሠረተ ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። ይሁን እንጂ ዋናው ደንበኛው አየር ኀይሉ እንደነበረ ሊዘነጋ አይገባም።

ድርጅቱን ታላቅ ስም ያሰጠው አልበርት ዎልስቴተር ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠርተው በ1954 ያጠናቀቁት ስለ አየር ኀይል ጦር ሰፈሮች የቀረበው ጥናት ነው። አየር ኀይሉ የጠየቀው፣ በውጭ አገር የሚሠሩት ሰፈሮች የትና እንዴት ቢመረጡ ይሻላል የሚል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን ጥያቄውን እንዳለ ተቀብለው መልስ ከመፈለግ ይልቅ ራሱን ጥያቄውን መረመሩት። ጠላት አስቀድሞ ቢመታ እነዚህ ሰፈሮች ከነአውሮፕላኖቻቸው ይተርፋሉን? ብለው ጠየቁ፤ መልሱም አይተርፉም የሚል ሆነ። ስለዚህ ቦምብ ጣዮቹ በአገር ውስጥ እንዲቀመጡ፣ የውጭ ሰፈሮችም በተለይ ለነዳጅ መሙያ እንዲያገለግሉ መከሩ፤ አየር ኀይሉም ከብዙ ክርክር በኋላ አሠራሩን ለወጠ። አንድ የጥናት ድርጅት ለመንግሥት ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው አገልግሎት ይህ ይመስለናል። መልስ መስጠት ብቻ ሳይሆን የተሳሳተ ጥያቄን ማቃናት ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ በሳይጎን የጎደለው ይኸው ነበር።

ከጥናት ጠረጴዛ ወደ መከላከያ ሚኒስቴር

በ1961 ሮበርት ማክናማራ የመከላከያ ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ ከራንድ አያሌ ባለሙያዎችን ወደ ሚኒስቴሩ አመጡ። ከእነዚህም መካከል የኢኮኖሚ ሊቁ ቻርልስ ሂች የሚኒስቴሩን ሒሳብና በጀት በኀላፊነት ያዙ፤ አሌን ኤንትሆቨን ደግሞ የሥርዓት ትንተና የተባለውን ክፍል መሩ። የዕቅድ፣ የፕሮግራምና የበጀት ሥርዓት የተባለው አሠራር በሚኒስቴሩ ውስጥ ሥራ ላይ የዋለው በእነዚህ ሰዎች አማካይነት ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በኦገስት 1965 ሥርዓቱ ወደ ሌሎቹም የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንዲስፋፋ ስላዘዙ፣ የትምህርትና የጤና ፕሮግራሞችም ለመሣሪያ ግዢ በተነደፈው ሚዛን መመዘን ጀመሩ። በአገራችንም የፕሮግራም በጀት የሚለው አሠራር ለዕቅድ ባለሙያዎቻችን እንግዳ ባለመሆኑ የዚህ አሳብ አመጣጥ ከየት እንደሆነ ማወቁ አይከፋም።

አሠራሩ ጠቃሚ ጎን እንደነበረው አይካድም። ከሁለት ሚሳይል የትኛው በአነስተኛ ወጪ የበለጠ ግዳጅ ይፈጽማል የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ይቻላል። ዳሩ ግን የአንድ ሕዝብ ጽናት፣ የአንድ ገበሬ ቂም፣ የአንድ ተዋጊ እምነት በምን መስፈሪያ ይለካል? ቬትናም ይህን ጥያቄ አስከትላ መጣች።

የሳይጎኑ ጥናት፦ የመጀመሪያው ምዕራፍ

በ1964 የአሜሪካ መንግሥት በደቡብ ቬትናም የሚደግፈው አገዛዝ እየተዳከመ፣ ቬትኮንግ የተባሉት የሽምቅ ተዋጊዎች ደግሞ እየበረቱ ሄዱ። በመሆኑም የመከላከያ ሚኒስቴር፣ ቬትኮንግ እነማን ናቸው? ምን ያንቀሳቅሳቸዋል? የሚል ጥያቄ ለራንድ አቀረበ። ጥያቄው ግልጽና ክፍት ነበር። ጥናቱን የጀመሩት ጆን ዶኔልና ጆሴፍ ዛስሎፍ የተባሉ፣ ስለ ቬትናም ቀደም ያለ ዕውቀት የነበራቸው ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ምሁራን ነበሩ። እነርሱም ቬትናማውያን ጠያቂዎችን ቀጥረው የጦር ምርኮኞችን፣ ከድተው የመጡትንና ከመንደራቸው የተፈናቀሉትን ሰዎች ማነጋገር ያዙ።

ያገኙት ውጤት ለጠያቂው መሥሪያ ቤት የሚያስደስት አልነበረም። ከተዋጊዎቹ ብዙዎቹ ተገደው ወይም ተታለው የወጡ አልነበሩም፤ የሚዋጉት አገራቸውን ከባዕድ ለማስለቀቅና የድኻውን ገበሬ ኑሮ ለማሻሻል እንደሆነ የሚያምኑ፣ እርስ በርሳቸው በጽኑ ዲሲፕሊን የተሳሰሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹም ትግላቸው ቀደም ሲል በፈረንሳይ ላይ የተካሄደው ጦርነት ቀጣይ እንደሆነ ይቆጥሩት ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን ለከፍተኛ ባለሥልጣናት በቃል አስረዱ፤ ሪፖርታቸውም በማርች 1965 በጽሑፍ ወጣ።

የወሩን አጋጣሚ ማስተዋል ያስፈልጋል። በዚያው በማርች 1965 በሰሜን ቬትናም ላይ ተከታታይ የአየር ድብደባ ተጀመረ፤ በማርች 8 ቀንም የመጀመሪያው የአሜሪካ የባሕር ወለድ ተዋጊ ጦር በዳናንግ የባሕር ጠረፍ ወረደ። በ1964 መጨረሻ 23,000 ያህል የነበረው በቬትናም የሚገኘው የአሜሪካ ጦር ቁጥር በ1965 መጨረሻ ወደ 184,000 ደረሰ። ጥናቱ የጠላትን ጽናት ሲናገር ውሳኔው በሌላ መንገድ ተጉዞ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ፦ የጥያቄው መጥበብ

ከ1964 ማብቂያ ጀምሮ ጥናቱን የመምራት ኀላፊነት ወደ ሊዮን ጉሬ ተላለፈ። ጉሬ በትውልድ ከሞስኮ የሆኑ፣ ስለ ሶቪየት ኅብረት በማጥናትና ስለ ሌኒንግራድ ከበባ በጻፉት መጽሐፍ የታወቁ ምሁር ነበሩ። በእርሳቸው አመራር የጥናቱ አቅጣጫ ተለወጠ። ቬትኮንግ እነማን ናቸው የሚለው ጥያቄ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ የአየር ድብደባውና የመድፉ ተኩስ የተዋጊዎቹን ሞራል ምን ያህል ሰበረው? የሚለው ወደ ፊት መጣ። ይህ የጥያቄ ለውጥ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሁለተኛው ጥያቄ የሞራሉን መሰበር እንደ ታወቀ ነገር ቆጥሮ መጠኑን ብቻ የሚጠይቅ ነው።

የጉሬ ሪፖርቶች የቬትኮንግ ሞራል እየላሸቀ መሄዱን፣ መንደራቸው የተደበደበባቸውም ገበሬዎች በአብዛኛው የሚወቅሱት ደብዳቢውን ሳይሆን ድብደባውን የሳቡባቸውን ቬትኮንጎች መሆኑን ያትቱ ነበር። ይህ ቃል በሳይጎንም በዋሽንግተንም ተወደደ። ጄኔራሎች፣ አምባሳደሮችና ሚኒስትሩ ራሳቸው የጉሬን ገለጻ አዳመጡ፤ የጥናቱም በጀት በእጅጉ ከፍ እንዲል ተደረገ። የራንድ ዋና ደንበኛ አየር ኀይሉ እንደነበረ ከላይ ተገልጿል፤ ድብደባው ውጤት እያስገኘ ነው የሚል ጥናት ለአየር ኀይሉ ምን ያህል እንደሚጥም ለመገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ ጉሬ ዐውቀው ዋሹ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለንም። እንዲያውም የጉዳዩ ክብደት ያለው ቅን ሰው ሊሳሳት የሚችልበት በመሆኑ ነው። የተጠየቁት ሰዎች በመንግሥት እጅ የነበሩ ምርኮኞችና ከድተው የመጡ ነበሩ። ከድቶ የመጣ ሰው የከዳበትን ጎራ ድክመት ቢያጎላ አይገርምም። በጫካ ጸንተው የቀሩት ግን አልተጠየቁም፤ ሊጠየቁም አይችሉም ነበር። የዛስሎፍና የዶኔልም ጥናት ይኸው እንከን ነበረበት። ልዩነቱ የመጀመሪያዎቹ ከአንድ ምርኮኛ አፍ ሳይቀር የወጣውን የጽናት ቃል እንደ ቁም ነገር ሲይዙት፣ ሁለተኛው የድካምንና የፍርሃትን ቃል ለይተው ማጉላታቸው ነው። ከራንድም ውስጥ አንዳንድ ባልደረቦች የሥራው ጥራት እንደሚያጠራጥራቸው ገልጸው ተቃውሞ አቀረቡ፤ በ1967ም ጉሬ ከጥናቱ መሪነት ተነሡ።

ያልተሰሙ ድምፆች

መንግሥት ተቃራኒ ምክር ሳያገኝ ቀርቶ ነበር ማለት አይቻልም። በ1966 የመከላከያ ትንተና ተቋም በተባለው ሌላ የጥናት ድርጅት ሥር፣ ጄሰን በሚል ስያሜ የተሰባሰቡ ስመ ጥር ሳይንቲስቶች የሰሜን ቬትናምን ድብደባ መረመሩ። ሰሜን ቬትናም በግብርና የምትተዳደር፣ ጥቂት ፋብሪካ ያላት፣ መሣሪያዋንም ከሶቪየት ኅብረትና ከቻይና የምታስገባ አገር ስለሆነች፣ ድብደባው በደቡብ ጦርነት የማካሄድ ችሎታዋን ሊለካ በሚችል መጠን አልቀነሰውም ሲሉ ደመደሙ። በድብደባው ፈንታም የሰርጎ ገቦችን መንገድ የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መስመር እንዲዘረጋ አሳብ አቀረቡ። ማክናማራ ድምዳሜውን ተቀብለው ድብደባው ከዚያ በላይ እንዳይሰፋ ለፕሬዚዳንቱ ጻፉ። ይሁን እንጂ የመሣሪያው መስመር ሲሠራ ድብደባው ደግሞ እስከ 1968 ቀጠለ። ከምክሩ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛው ክፍል ተወስዶ፣ አቋም መለወጥን የሚጠይቀው ክፍል ቀረ ማለት ነው።

የኤንትሆቨንም ክፍል የውጊያ መዝገቦችን አገላብጦ፣ አብዛኛውን ውጊያ በጊዜውና በቦታው መርጦ የሚከፍተው ጠላት ስለሆነ የራሱን ጉዳት መጠን ለመወሰን እንደሚችል፣ ስለዚህም ጠላትን በመግደል ብዛት አድክሞ ማሸነፍ እንደማይቻል አስረዳ። የጦር አዛዦቹ ግን ይህ የእርሱ ሥራ አይደለም አሉ።

በራንድ ውስጥ ከሁሉ የላቀውን አገልግሎት የሰጡት ምናልባት ኮንራድ ኬለን ናቸው። ኬለን ከናዚ ጀርመን የወጡ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአሜሪካ ጦር በሥነ ልቦና ጦርነት ክፍል ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ሥራቸው አዲስ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ሳይሆን ቀድሞ የተሰበሰበውን እንደገና ማንበብ ነበር። ከ1964 እስከ 1968 ድረስ 2,400 ያህል ቃለ መጠይቆች ተደርገው 62,000 ያህል ገጽ ሞልተው ነበርና፣ ኬለን ከእነዚህ ብዙዎቹን ካነበቡ በኋላ፣ ይህ ጠላት በድብደባ ሞራሉ የሚሰበር እንዳልሆነ ደመደሙ። ከአንድ መዝገብ ሁለት ተቃራኒ መደምደሚያዎች ወጡ። የመጀመሪያው በቶሎ ተሰማ፤ ሁለተኛው አድማጭ አጣ።

መዝገቡ ሲገለጥ

በጁን 1967 ማክናማራ ራሳቸው፣ አሜሪካ ወደ ቬትናም ጦርነት እንዴት እንደ ገባች የሚያስረዳ ምስጢራዊ ታሪክ እንዲጻፍ አዘዙ። ሥራው በጃንዋሪ 1969 ሲያበቃ 47 ጥራዝና 7,000 ያህል ገጽ ነበረው። ከጸሐፊዎቹ አንዱ የራንድ ተንታኝ ዳንኤል ኤልስበርግ ነበሩ። በኦክቶበር 1969 ኤልስበርግና ኬለን የሚገኙባቸው ስድስት የራንድ ተመራማሪዎች ጦሩ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ጠቅልሎ እንዲወጣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለጋዜጦች ጻፉ። ኤልስበርግ ግን በዚህ ብቻ አልተወሰኑም፤ ቀድሞ በሳይጎን ጥናት ውስጥ በሠሩት በአንቶኒ ሩሶ ረዳትነት የምስጢሩን ታሪክ ማባዛት ጀምረው ነበር። ኒውዮርክ ታይምስ ሰነዶቹን በጁን 13 ቀን 1971 ማተም ጀመረ። መንግሥት ለማስቆም ቢከስም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ድምፅ ለ3 ለጋዜጦቹ ፈረደ። በኤልስበርግና በሩሶ ላይ የተመሠረተው ክስም በሜይ 1973 ተሰረዘ።

ሰነዶቹ ያሳዩት፣ ባለሥልጣናቱ ስለ ጦርነቱ አስቸጋሪነት በቂ ማስጠንቀቂያ አግኝተው እንደነበረ ነው። ሳይጎን በኤፕሪል 30 ቀን 1975 ስትያዝ ከ58,000 በላይ አሜሪካውያንና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቬትናማውያን አልቀው ነበር። ማክናማራ በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ መሳሳታቸውን አምነዋል። ራንድም በበኩሉ በ2010 የራሱን የቬትናም ታሪክ አሳትሟል፤ የጻፉትም በወጣትነታቸው በሳይጎን ከጠያቂዎቹ አንዷ የነበሩት ቬትናማዊቷ ዱዎንግ ቫን ማይ ኤሊየት ናቸው።

ለትምህርት ጥናት የሚሰጠው ትምህርት

በመግቢያው ላይ ጥናት ፖሊሲን መራው ወይስ ተከተለው ብለን ጠይቀን ነበር። ከዚህ ታሪክ እንደሚታየው የጥናት ድርጅቱ ጦርነቱን አላስጀመረም። ያደረገው ሌሎች ለቆረጡት ነገር የዕውቀት ማዕረግ መስጠት ነው። ጥናቱ ፖሊሲውን ሲደግፍ ገንዘብና አድማጭ አገኘ፤ ሲቃወም መደርደሪያ ላይ ቀረ። የጥናት ድርጅት ተሰሚነት የሚለካው በተደነቀለት ሪፖርት ሳይሆን፣ ጠያቂውን ባስከፋው ሪፖርት የተነሣ በተለወጠው ውሳኔ ነው። በዚህ መለኪያ ራንድ በ1954 ተሰሚ ነበር፤ በ1965 ግን አልነበረም።

ይህ ጸሐፊ የሌላውን አገር ስሕተት የሚቈጥረው ራሱን ንጹሕ አድርጎ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ በጥቂት ትምህርት ቤቶች ተሞክሮ የመምህራን አስተያየት በቃለ መጠይቅ ሲሰበሰብ፣ ማጠቃለያውን ካዘጋጁት አንዱ ነበር። መምህራኑ ትምህርቱ በተመደበለት ክፍለ ጊዜ እንደማያልቅ ደጋግመው ተናግረው ነበር። ሆኖም መጽሐፉ እንዲታተም አስቀድሞ መወሰኑ ይታወቅ ስለነበር፣ በማጠቃለያው ውስጥ ይህ ቅሬታ አነስተኛ ችግር በሚል ርዕስ ሥር በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈ። እንዲህ ጻፉ ያለን ማንም አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ የቃለ መጠይቁን ወረቀቶች አውጥቶ ሲመለከት፣ ቅሬታው ያልተጻፈበት ቅጠል ለማግኘት ተቸገረ። በዚያ መካከል መጽሐፉ በብዙ ሺህ ተማሪዎች እጅ ገብቶ፣ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በብዙ ክፍሎች ሳይነበቡ ዓመቱ ያልቅ ነበር። የሰው ሕይወት አልጠፋም፤ የጥፋቱ ሥር ግን አንድ ነው።

ስለዚህ ከሳይጎኑ ጥናት የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ አጥኚ የሚቀርብለትን ጥያቄ ራሱን መመርመር አለበት። አዲሱ ዘዴ ምን ያህል ጠቀመ ከሚለው ይልቅ በክፍል ውስጥ ምን ሆነ የሚለው ጥያቄ ለእውነት የበለጠ በር ይከፍታል። ሁለተኛ፣ እነማን እንደ ተጠየቁ ብቻ ሳይሆን እነማን እንዳልተጠየቁ በሪፖርቱ ውስጥ በግልጽ መጻፍ ይገባዋል። ትምህርቱን አቋርጦ የሄደው ልጅ በክፍል ውስጥ በሚታደል መጠይቅ ፈጽሞ አይገኝም። ሦስተኛ፣ የተሰበሰበው ቃል ከማጠቃለያው ጋር ተጠብቆ መቀመጥና በጥናቱ ያልተሳተፈ ሌላ ሰው እንዲያነበው መደረግ አለበት። ኬለን እውነቱን ለማግኘት የቻሉት 62,000ው ገጽ ስላልተጣለ ነው።

ማጠቃለያ

እነዚህ ሦስቱ የአጥኚው ግዴታዎች ናቸው። የዕቅድ አውጪው ግዴታ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ጥናት ከማዘዙ በፊት፣ ይህ ጥናት የማልወደውን ቢነግረኝ ምን እለውጣለሁ ብሎ ራሱን መጠየቅ ነው። መልሱ ምንም አልለውጥም የሚል ከሆነ ለጥናቱ የሚወጣው ገንዘብ ቢቀር ይሻላል። ምክር የጠየቀ መስሎ ድጋፍ የጠየቀን ሰው፣ አበው እንዳሉት፣ መምከሩ ለመከራ ይቀራልና፤ መከራው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በወሳኙ ላይ ሳይሆን ቃላቸው ተሰብስቦ ሳይደመጥ በቀረው ሰዎች ላይ ነው።